ባለ ጆሮው ጣሳ

አዳማ፣ ፍራንኮ፣ ከጠጂቱ ግቢ፣
አሥር በር ተከራይ፣ አንድ በርሜል ከባቢ፤
ውሃ በፈረቃ፣ በሌሊት ሲመጣ፣
ቧንቧው ሲያስነጥስ፣ ሁሉ ባልዲ ይዞ ከደጁ ሚወጣ።

እዚያ፣ ከበርሜሉ በላይ፣ ከዛገ ሚስማር፣
ጥፋት እንደሠራ ልጅ ጆሮውን ተይዞ፣ አንድ ጣሳ ነበር።
የዘይት ቆርቆሮ ነው ወደ ኋላ ታሪኩ፤
ግማሽ የሱፍ አበባ ከጎኑ ላይ ዛሬም አልጠፋም መልኩ።

የሠራው ሙስባህ ነው፣ ሦስተኛው በር ላይ የነበረው ቀጥቃጭ፣
ኪራዩን አዘግይ፣ ቃሉን ቆጥሮ አውጭ።
አስታውሳለሁ ያን ቀን። እሑድ ነው፤ ንፋሱ አቧራ ያዘንባል፤
ከኮረብታው አናት ነጫጭ ክንፎች ይዞራሉ፤
ሙስባህ ከከሰሉ ዳር፣ በርጩማው ላይ ተቀምጧል።

ወገቡን ቆረጠ፤ ጆሮውን በየደ፤
አለቀ ስል እኔ፣ ልቀዳበት ብነሣ፣ እጄን በእጁ አገደ።
«ገና ነው» አለና የአፉን ዙሪያ ጠርዝ ማጠፍ ጀመረ፣
በእንጨት መዶሻ፣ ቀስ እያለ፣ እያዞረ፣ በልቡ እየቆጠረ።
አውራ ጣቱን ልሶ ዳር ዳሩን ዳሰሰ፤
አንዲት እሾህ አገኘ፤
ደግሞ አጠፈ፣ ደግሞ መታ፣ ደግሞ አለሰለሰ።

ግማሽ ቀን ፈጀበት።
ማንም አላዘዘው፣ ማንም አልከፈለው፤
ጠርዙ ባይታጠፍም ጣሳ ውሃ ይይዛል፤ ማን ነው የሚያየው?
«ለምን?» ብዬ ብለው፣ ቀና እንኳን ሳይል፣
«ከንፈር አለ» አለኝ።
ሌላ አልጨመረበትም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ስንቱ ከንፈር ጠጣ!
ከትምህርት ቤት የሮጠ፣ ከጋሪ የወረደ፣ ከፀሐይ የመጣ፤
ድዱን የሚያሳክከው የጎረቤት ሕፃን ጠርዙን ነክሶ ሳቀ፤
ማንንም አልቆረጠም፤ ስለዚህ ማንም ሰው ውበቱን አላወቀ።

እኔም አላወቅሁም፤ መቼስ ምን ልዋሽ።
ከክፍሌ ቡፌ አለኝ፤ ስድስት ብርጭቆዎች፣ ወርቅ ቅብ አፋቸው፣
እንግዳ የሚጠብቁ፣ እንግዳ ሲመጣም የማናወጣቸው፤
«ቤትሽ ውስጥ ምን ያምራል?» ያለኝ ሰው ቢኖር፣
እነሱን ነበረ የማሳያቸው።

ሙስባህም ለቀቀ፤ ሞጆ ነው ሲሉ ሰማሁ፣ ደግሞም መተሐራ፤
ጣሳው ግን ቀረልን፣ ከሚስማሩ ጋራ።

አንድ ማክሰኞ ማታ ስመለስ፣ ሚስማሩ ባዶ ነው።
ግድግዳው ላይ ብቻ፣ ጣሳው ሲወዛወዝ በዓመታት የፋቀው
ግማሽ ጨረቃ አለ።
«ለቆራሌው ሰጠሁት» አሉ እትዬ ጠጂቱ፣ «ከአሮጌው ድስት ጋር፤
በኪሎ ነው ሂሳቡ። ይኸው በምትኩ አዲስ ገዛሁላችሁ፤ ምን ጎደለ ነገር?»

ሮዝ ነው ፕላስቲኩ። ከአፉ ላይ ስስ ስፌት አለው፣ ከፋብሪካ አብሮት የወጣ።
ከንፈሬን ቧጨረኝ፤
ያኔ ነው ሙስባህ፣ ከዚያ ሁሉ ዘመን፣ በርጩማውን ይዞ ወደ ልቤ የመጣ።

ረቡዕ ጠዋት ሄድኩ፤ ከለገሃር ማዶ፣ ከውራጅ ብረት ክምር፤
ባትሪ፣ ራዲያተር፣ የባጃጅ በር፣ የአልጋ እግር፤
ከዚህ ሁሉ መሀል፣ ከዳሱ ምሰሶ፣ ከአዲስ ሚስማር፣
ጆሮውን ተይዞ።

«ስንት ነው?» አልኩት ሚዛን የያዘውን፣ እጁ ጥቁር ዘይት።
«ያ እንኳን አይሸጥም። መጠጫዬ ነው። ትናንት ስመዝነው አፉን ዳሰስኩት»
አለና በአውራ ጣቱ ጠርዙን ዞረው፣
ልክ እንደ ሙስባህ፣ ሙስባህን ሳያውቀው።

ከጀሪካኑ ቀዳ። «እንኪ፣ ፀሐይ ነው» አለኝ።
ጠጣሁ። ልከራከር መጥቼ፣ የምለው ጠፋኝ።
አፌን በነጠላዬ ጠርጌ፣ ጣሳውን ሳልመልስ፣
«ገና ነው» አልኩት። «ጨምርልኝ።»